የፒያሳዋ ቲቸር፦ ስለ ህንዳዊት አያቴ ለጠየቃችሁኝ

ባለፈው እትም ስለ ድሮ የታይፕ ትምህርት ቤቶች ለጠየቀ አንባቢ መልስ ስሰጥ፣ «የእኔም አያት ከህንድ መጥታ ፒያሳ ላይ የታይፕ ትምህርት ቤት ነበራት» ብዬ በአንድ መስመር አልፌ ነበር። ከዚያ ወዲህ የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚጠይቁት ስለዚያች መስመር ነው። በጣም ደስ ብሎኛል። ስለ እሷ የሚጠይቀኝ ሰው ካገኘሁ ቆይቻለሁ። ስለዚህ የዛሬውን ዓምድ ሙሉውን ለእሷ ሰጥቼዋለሁ። በሌላ ጉዳይ የጻፋችሁልኝ እስከሚቀጥለው እትም ታገሡኝ።

«በዚያ ዘመን ሴት ልጅ እንዴት ኮሌጅ ገባች? የእኔ አያት ስሟን እንኳ መጻፍ አትችልም ነበር። ቤተሰቧ ሀብታም ነበር?» (ከአራት ኪሎ)

ሀብታም አልነበሩም። አባቷ የፖስታ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። ከቤታቸው ጀርባ ጥቂት የኮኮናት ዛፍና ግንድ ላይ የሚጠመጠም ቁንዶ በርበሬ ነበራቸው። በቃ፣ ይኸው ነው።

የተወለደችው በደቡብ ህንድ፣ ዛሬ ኬረላ በሚባለው ክፍል፣ ኮታያም ከተማ አጠገብ ነው። ያኔ አገሩ ትራቫንኮር ይባላል፤ የራሱ ንጉሥ ነበረው። እዚያ መወለዷ ትልቅ ዕድል ነው። በ1817 እ.ኤ.አ. የትራቫንኮር ገዢ የነበሩት ራኒ ገውሪ ፓርቫቲ ባይ የሕዝቡን የትምህርት ወጪ መንግሥት እንዲሸፍን አውጀዋል። በዚያው ዓመት ኮታያም ውስጥ ሚሲዮናውያን ኮሌጅ ከፍተዋል። አያቴ ስትወለድ እንግዲህ አገሩ ትምህርት ቤትን ከለመደ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ሴት ልጅ ፊደል መቁጠሯ ማንንም አይገርምም ነበር። የሚገርመው ከዚያ ማለፏ ነው።

ማለፊያ በሩ ደግሞ ነበር። ሁለት ህንዳውያት በ1883 እ.ኤ.አ. ካልካታ ላይ ዲግሪ ይዘዋል። በደቡብ ደግሞ፣ ዛሬ ቼናይ በምትባለው ማድራስ፣ ኩዊን ሜሪስ ኮሌጅ በ1914፣ የሴቶች ክርስቲያን ኮሌጅ በ1915 እ.ኤ.አ. ተከፍተው ሴቶችን ይቀበሉ ነበር። የጠፋው ገንዘቡ ነው። ከገንዘቡም በላይ ሕጉ ነበር የከበደው።

ይህን ሕግ ሳታውቁ አያቴን ልታውቋት አትችሉም። የትራቫንኮር ክርስቲያኖች የውርስ ሕግ በ1916 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። አባት ሳይናዘዝ ከሞተ ሴት ልጅ የምታገኘው የወንድሟን ድርሻ ሩብ፣ ወይም 5000 ሩፒ ነው። ከሁለቱ ያነሰውን። ስትዳር ጥሎሽ ከተሰጠላት ደግሞ ያም ይቀራል። እዚያ ጥሎሽ የሚሄደው ከሴቷ ቤት ወደ ወንዱ ቤት ነው። ገንዘቡ በሴቷ ስም ይቆጠራል፣ እጇ ግን አይገባም።

ታላቅ እህቷ ስትዳር ጥሎሹ የቤቱን ጥሪት ጠራርጎ ወሰደ። የአያቴ ተራ ደረሰ። ቅድመ አያቴ አራተኛ ክፍል ድረስ ብቻ የተማሩ ሴት ነበሩ፤ ሂሳብ ላይ ግን ማንም አይደርስባቸውም። በሰፈራቸው ቺቲ ይጥሉ ነበር። ቺቲ ከእኛ እቁብ ጋር ወንድምና እህት ነው። ሰው ተሰብስቦ በየወሩ ይጥላል። ዕጣ ግን የለም፤ የወሩ ገንዘብ ለጨረታ ይቀርባል። የቸገረው አባል «ከሙሉው ይህን ያህል ቀንሼ እወስዳለሁ» ይላል። ብዙ የቀነሰው ያነሳል፣ የተቀነሰው ለአባላቱ ሁሉ ይካፈላል። መታገሥ የሚችል ሰው መጨረሻ ላይ ሙሉውን ይወስዳል፤ እስከዚያም ከሌሎቹ ቅናሽ ሲካፈል ይከርማል። ቅድመ አያቴ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ የሚያነሱት ሴት ነበሩ።

ያን ቺቲ አነሱና ለባላቸው እንዲህ አሏቸው፦ «ይህ ገንዘብ ጥሎሽ ከሆነ የሌላ ሰው ቤት ነው። ኮሌጅ ከሆነ ግን የልጅቷ ነው፤ ማንም አይወስድባትም።» አያቴ ይህን ስትነግረኝ ጣቷን እንደ እናቷ ቀስራ ነበር። እሷ ማድራስ ሄዳ ሂሳብ አጠናች። በ1949 እ.ኤ.አ. ተመረቀች። በኋላ ሲያገቧት የባሏ ወገኖች ጥሎሽ አልጠየቁም። ዲግሪዋና ደመወዟ በቂ ነው ብለው ነው። ሌላውን ውርስ በሙሉ ወንድሞቿ ቢወስዱም ይኼኛው ከእሷ ጋር መጣ።

«እኔ ጂኦሜትሪ የተማርኩት ከህንድ መምህር ነው። አሁንም ድምፃቸው ጆሮዬ ውስጥ አለ። የህንድ መምህራን ለምን እንዲያ በዙ? አያትሽስ እንዴት መጡ?» (ጡረተኛ፣ ከአፍንጮ በር)

ጋሼ፣ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ከወረራው በኋላ ትምህርት ቤት ተከፈተ፣ መምህር ግን የለም። ፊደል ከቆጠረው ወጣት ብዙውን ጣሊያን ፈጅቶታል። መንግሥት ከውጭ መቅጠር ያዘ። ኬረላ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነበረች፤ በእንግሊዝኛ የተማረ ሞልቷል፣ ሥራ የለም። ስለዚህ መጡ። በኋላ ጳውሎስ ማር ግሪጎሪዮስ ተብለው የህንድ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ የሆኑት ፖል ቨርጊስ እንኳ በ1947 እ.ኤ.አ. አስተማሪ ሆነው የመጡ ናቸው። አማርኛ አጥንተው ኋላ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አማካሪ እስከመሆን ደርሰዋል።

አያቴና አያቴ (እሱ ፊዚክስ፣ እሷ ሂሳብ) የመጡት በ1946 ዓ.ም. ነው። ከቦምቤይ በመርከብ ኤደን፣ ከዚያ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ በባቡር ለገሃር። መጀመሪያ ሐረር ተመደቡ፤ ቆይተው ወደ አዲስ አበባ ተዛወሩ። የእሷ ደመወዝ ከእሱ ያንስ ነበር። ተመሳሳይ ዲግሪ፣ ተመሳሳይ ክፍለ ጊዜ። እስከ መጨረሻው ድረስ ልዩነቱን በብርና በሳንቲም ታስታውሰው ነበር።

እናቴ የተወለደችው ጋንዲ ሆስፒታል ነው፤ እኔም እዚያው። የአዲስ አበባ ልጅ ሆኖ ጋንዲ ያልተወለደ ወይም ያላስወለደ ጥቂት ነው። ሆስፒታሉን በማህተማ ጋንዲ መታሰቢያነት ያሠሩት እዚህ የነበሩ ህንዶች ገንዘብ አዋጥተው መሆኑን የሚያውቅ ግን ብዙ አላገኘሁም። አያቴ በበሩ ባለፍን ቁጥር ትነግረኝ ነበር።

«መምህርነት የተከበረ ሥራ ነው። ለምን ትተው ንግድ ገቡ? ትምህርት ቤቱስ የት ጋ ነበር?» (ከደጃች ውቤ ሰፈር)

ከመጨረሻው ልጀምር። ከጊዮርጊስ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ሲወርዱ ገባ ብሎ፣ የእንጨት ደረጃ ያለው ቤት ላይ ሁለት ክፍል ነበር። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ሰፈሮች ሲፈርሱ እሱም ፈርሷል።

መምህርነቱን አልተወችም። ቀን ሂሳብ ታስተምራለች፣ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ የራሷን በር ትከፍታለች። ነገሩ የተጀመረው በፊደል ነው። የምታስተምርበት ትምህርት ቤት ቢሮ ውስጥ አንድ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ ነበር። ዲሬክተሩን አስፈቀደችና ከክፍል በኋላ እየተቀመጠች አማርኛ በእሱ ተማረች። ሀ ሁን የለመደችው በብዕር ሳይሆን በጣቷ ነው። የእጅ ጽሕፈቷ ሁልጊዜ የታተመ ይመስል የነበረው ለዚህ ይሆናል።

ከዚያ አንድ ነገር አስተዋለች። መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ታይፒስት ይፈልጋል። አሥራ ሁለተኛን ጨርሰው ቤት የተቀመጡ ልጃገረዶች ደግሞ ሰፈሩን ሞልተውታል። በሁለቱ መካከል የጎደለው መኪናና የሚያሠለጥን ሰው ነው።

መኪናዎቹን በእቁብ ገዛች። የገባችበት እቁብ የነጋዴዎች ነው፤ ሁሉም ወንዶች ነበሩ። የተቀበሏት ለሂሳቧ ብለው ነው፣ ወዲያው ጸሐፊ አደረጓት። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በካሬ ደብተር ላይ ማን እንደጣለ፣ ማን እንደቀረ፣ የማን ዋስ ማን እንደሆነ ትጽፋለች። አንዴ የአገሯን ጨረታ ሐሳብ አቀረበችላቸው። ዳኛው «ዕጣ የእግዜር ነው» ብለው ዘጉት። እሷም አልተከራከረችም። ግን ያልቸገረው ሰው የደረሰውን ዕጣ ለቸገረው እንደሚሸጥ ስታይ ጨረታው እዚህም እንዳለ ገባት። ከዚያ በኋላ ለትምህርት ቤቱ ያስፈለጋትን ገንዘብ በሚያስፈልጋት ወር ታገኘው ጀመር።

የንግድ ፈቃድ ልታወጣ ስትሄድ የቢሮው ሰው «ባለቤትዎ ይምጡ» አላት። በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተሰቡ አስተዳዳሪ ባል ነበር፤ ይህ የተለወጠው በ1992ቱ የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ ነው። አያቴ በማግሥቱ ባሏን ይዛ ተመለሰች። እሱ ወንበር ስቦ ተቀመጠና «እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ንግዱ የእሷ ነው። የሚጠይቁትን እሷን ይጠይቁ» አለ። ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልተናገረም። ፈቃዱ በእሷ ስም ወጣ። ያ ወረቀት ዛሬ እናቴ ሳሎን ተሰቅሏል።

ክፍሉ እንዲህ ነበር። ሁለት ረድፍ ጠረጴዛ፣ በየጠረጴዛው ኦሊቬቲ። በየመኪናው ላይ ከአቡጀዲ የተሰፋች ትንሽ መጋረጃ ትታሰራለች፤ ልጅቷ እጇን ከመጋረጃዋ ሥር ታስገባለች። ቁልፉን ማየት ክልክል ነው። አያቴ በማስመሪያ ጠረጴዛውን እየመታች «ኤ፣ ኤስ፣ ዲ፣ ኤፍ» ትላለች፤ መኪናው ሁሉ አንድ ላይ ይመታል። መስመሩ ሲያልቅ ደወሉ ጭልል ይላል፣ ሁሉም በግራ እጅ ይመልሳል። ዘግይታ የምትጮህ ደወል ካለች የማን እንደሆነች ዞር ሳትል ታውቃለች። አማርኛው ይብሳል። ፊደላችን ከ200 በላይ ነው፣ የመኪናው ቁልፍ ግን 50 አይሞላም። ስለዚህ የፊደሉ ቅጥያ ለብቻው ይመታል። ቅጥያዋ ትንሽ ከሸሸች ገጹ ከነመልኩ ይበላሻል። አያቴ የተበላሸ ገጽ አትቀድም ነበር። ቀኑን ጽፋበት ታስቀምጠዋለች፤ ልጅቷ ስትመረቅ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ገጽ አንድ ላይ ትሰጣታለች።

አሁን ከልቤ ወደማስበው ነገር ልምጣ። አያቴ ስታርፍ ልቅሶ ላይ ብዙ ሰው መጣ። ብዙዎቹ የቀድሞ ተማሪዎቿ ነበሩ፣ ፀጉራቸው የሸበተ። ሰው ሁሉ የሚለው አንድ ነገር ነበር፦ «ደግ ነበረች። ደሃ ልጆችን በነጻ ታስተምር ነበር።» በፍቅር ነው ያሉት፣ አከብራቸዋለሁ። እውነቱ ግን ከዚያ ይበልጣል። ደብተሮቿ እኔ ጋ ናቸው። በነጻ ያስተማረችው አንድም ሰው የለም።

መክፈል የማትችል ልጅ ስትመጣ ስሟ በተለየ ደብተር ይገባል። አራት ዓምድ አለው፦ ስም፣ የወሩ ክፍያ፣ የሠራችው ገጽ፣ ቀሪ። አያቴ ከመሥሪያ ቤቶችና ከትምህርት ቤቶች የፈተና ስቴንስል (ጽሑፍ የሚባዛበት የሰም ወረቀት)፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ፣ ማመልከቻ በገጽ ተዋውላ ታመጣለች። እጃቸው የተፈታ ልጆች ይመቱታል። ከገጹ ዋጋ ግማሹ ለዕዳዋ ይታሰባል፣ ግማሹ እዚያው በእጇ ይሰጣታል። ዕዳው ሲያልቅ አያቴ በቀይ ቀለም «ተዘጋ» ትላለች፣ ልጅቷ አጠገቡ ትፈርማለች። ከዚያ በኋላ ሙሉው ዋጋ የልጅቷ ነው። ገና ሳይመረቁ ለቤታቸው ሽንኩርትና ዘይት ገዝተው የሚገቡ ነበሩ።

ይህንን ምጽዋት ማለት ልጆቹንም እሷንም ማሳነስ ይመስለኛል። ያቺ ልጅ ከበሩ ስትወጣ የማንም ባለውለታ አይደለችም። ከፍላለች፤ ፊርማዋ አለ። አያቴ ይህን ያሰበችው ተቀምጣ ነው፣ በቁጥር ነው። ሂሳብ የተማረች ሴት ናት እኮ።

ትርፍ ቤትን ከወረሰው ከ1967ቱ አዋጅ በኋላ ቤቱ የቀበሌ ሆነ፣ ኪራዩም ቀነሰ። በተረፈው ተጨማሪ መኪና ገዛች። ኮምፒውተር ሲመጣ ደግሞ እሷ ራሷ ሄዳ ፓወር ግዕዝ የሚባለውን የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ተማረች፤ ያኔ ሰባን አልፋለች። ተምራ ስታየው ታይፕ ማለቁን ተረዳች። መኪናዎቹን አንድ በአንድ ሸጠች፣ የገዢውን ስምና ዋጋውን ጻፈች፣ በሩን ዘጋች። ስታለቅስ አላየኋትም። ቁልፉን ለቀበሌ አስረክባ ደረሰኝ ተቀበለች።

«ወደ አገራቸው መመለስ አልፈለጉም? እዚያ ርስት አልነበራቸውም?» (ከራስ መኮንን ድልድይ)

ባሏ እዚህ ነው የተቀበረው። እናቴም ያገባችው ኢትዮጵያዊ ነው። ስለዚህ ቀረች።

ርስቱ ግን ታሪክ አለው። አባቷ ሲሞቱ መሬቱን ወንድሞቿ ተካፈሉት፤ ሕጉ የነገርኳችሁ ነው። ኮታያም ውስጥ ሜሪ ሮይ የምትባል አስተማሪ ይህንን ሕግ እስከ ህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ተከራከረችበት። በ1986 እ.ኤ.አ. ረታች። ፍርዱ ወደ ኋላም ይሠራል ተባለ፦ ከ1951 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሞተ አባት ሴት ልጅም እኩል ወራሽ ናት። የአያቴ አባት የሞቱት ከዚያ በኋላ ነው።

እኔ ያኔ ልጅ ነኝ። ከአገር ቤት በደብዳቤ ውስጥ የተቆረጠ ጋዜጣ መጣላት። አነበበችው። ደግማ አነበበችው። ከዚያ ትምህርት ቤት ወረደች። ወረቀት፣ ካርቦን፣ ወረቀት አድርጋ መኪናው ውስጥ አስገባችና ዜናውን ከላይ እስከ ታች መታችው። ዋናውን ለታላቅ ወንድሟ፣ ቅጂውን ለታናሹ ላከች። «እንዴት ናችሁ» እንኳ አላለችም። ዜናው ብቻ ነው።

ታላቁ መልስ አልሰጠም። ታናሹ ግን ከዓመት በኋላ የጎማ ዛፍ ያለበት አንድ ቁራጭ መሬት በስሟ አዙሮ ሰነዱን ላከላት። ኮታያም የጎማ አገር ነው፤ የዛፉ ወተት ይቀዳል፣ ገቢ አለው። እሷ ሄዳ አላየችውም። ገቢው ለታናሽ ወንድሟ ሴት ልጅ የኮሌጅ ክፍያ እንዲውል ጻፈችላቸው። ልጅቷ ዛሬ ኢንጂነር ናት፤ ለገና መልእክት ትልክልናለች።

«ሃይማኖታቸው ምን ነበር? ከጎረቤት ጋር አልተቸገሩም?» (ከአራዳ)

ኦርቶዶክስ ነበረች፣ የህንዱ ማላንካራ ኦርቶዶክስ። ከእኛ ቤተ ክርስቲያን ጋር እህትማማች ናቸው። በጥር 1957 ዓ.ም. የእነዚህ አብያተ ክርስቲያናት መሪዎች አዲስ አበባ ላይ ሲሰበሰቡ የእሷም ካቶሊኮስ (የቤተ ክርስቲያኗ የበላይ አባት) መጥተው ነበር፤ ልታያቸው ወጥታለች። የእናቴ ሠርግም ቤተ ክርስቲያን ነው የተፈጸመው። ቅዳሜና እሑድ ጊዮርጊስ ትሄድ ነበር፣ በሳሪ ላይ ነጠላ ደርባ። የሰፈሩ እድር ላይ ስሟ የተጻፈው «ቲቸር» ተብሎ ነው። ሌላ ስም የሚያውቅላት አልነበረም።

«እባክሽ አንድ የምግብ አሠራር!» (ብዙዎች)

እሺ፣ አንዱን። ምስር ክክ ከእርድ ጋር ቀቅሉ፣ ጨው ጨምሩ። ለብቻው ዘይት አግሉና የሰናፍጭ ፍሬ ጣሉበት፤ ተስ ተስ ማለት ሲጀምር ከሙን፣ የተከተፈ ነጭ ሽንኩርትና አንድ ሁለት ደረቅ ቃሪያ ጨምሩ። ሽንኩርቱ ሲቀላ ከነዘይቱ ምስሩ ላይ ገልብጡትና ወዲያው ክደኑት። በሩዝም በእንጀራም ይሄዳል። እሷ በእንጀራ ነበር የምትወደው።

«አያቴ በቅርቡ አረፈች። ህንድ አይደለችም፤ አትክልት ተራ ሽንኩርት በጅምላ ስትሸጥ የኖረች ሴት ናት። ለ40ዋ የሚነበብ የሕይወት ታሪክ ጻፊ ተባልኩ። እየጀመርኩ «ደግ ነበረች፣ እንግዳ ተቀባይ ነበረች» ላይ እቆማለሁ። ከዚያ ምን ልበል?» (ከፒያሳ)

እህቴ፣ ነፍስ ይማር። ደግነቷን ጻፊው፣ እውነት ነውና። ግን አንድ መስመር ይበቃዋል። የቀረውን ገጽ ለሥራዋ ስጪው።

ሽንኩርት በጅምላ መሸጥ ቀላል ነገር አይደለም። ነገ የሚበሰብስ ዕቃ ዛሬ ገዝቶ ዛሬ መሸጥ ነው። ዋጋው ጠዋትና ማታ ይለያያል። መኪናው መንገድ ላይ ከተበላሸ ጭነቱ አለቀ። ይህን ሁሉ ያለ ካልኩሌተር ስትሠራ የኖረች ሴት ናት አያትሽ። ስለዚህ እነዚህን ፈልጊ፦ ሽንኩርቱን ከየት ታስመጣ ነበር? በማን መኪና? የመጀመሪያውን ጭነት በምን ገንዘብ ገዛች፣ በእቁብ፣ በብድር፣ ወይስ ወርቋን ሸጣ? ለማን በዱቤ ትሰጥ ነበር፣ ለማን አትሰጥም? ዋጋ የወደቀ ጊዜ ምን አደረገች? ፍራሹ ሥር፣ ሳጥኑ ውስጥ የዱቤ ደብተር ካለ አውጪው። ማንበብና መጻፍ ካልቻለችም የራሷ ምልክት ይኖራታል፤ ለልጆቿ አሳይተሽ ጠይቂ። ከተገኘ ምልክቱን እንዳለ ጽሑፍሽ ላይ አስገቢው።

ሌላው፣ ቤተሰብ ብቻ አትጠይቂ። ቤተሰብ የሚያውቃት ማታ ደክሟት ስትገባ ነው። የሚያውቋት አጠገቧ የሸጡት፣ የተሸከሙላት፣ ጭነት ያመጡላት ናቸው። የእቁቧን ጸሐፊ አግኚ፤ ስንት እንደምትጥልና ስንት ጊዜ እንዳነሳች ደብተሩ ይነግርሻል። የድሮዎቹ የአትክልት ተራ ነጋዴዎች በ2012 ዓ.ም. ወደ ጃንሜዳ ተነሥተው ነበር፣ አሁን ብዙዎቹ ኃይሌ ጋርመንት ናቸው። የአያትሽን ፎቶ ይዘሽ ሂጂ። ከሰዓት በኋላ ይሁን፤ ጠዋት ጭነት ስለሚያራግፉ ማንም ጊዜ አይሰጥሽም።